ግራው ገጽ የአባት፣ ቀኙ የልጅ

የእህቴ ባል ኦስዋልድ ግሎጋወር በጀርመን አገር፣ በብሬስላው ከተማ፣ በአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተምር ነበር። መምህር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምሁርም ነበር። ስለ ውሃ ጥንዚዛ የጻፈው ጥናት በአንድ መጽሔት ላይ ታትሞ ሰባት ሰዎች አንብበውታል። አንደኛው እሱ ራሱ ነው፤ ሁለተኛዋ እህቴ ቴክላ ናት፤ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ጥሎኛልና እኔን ግማሽ ሰው ብላችሁ ቁጠሩኝ።

እኔ ዜልማ እባላለሁ፤ ባርኔጣ ሠሪ ነኝ። ባል ስላላገባሁ ከማድ ቤታቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እኖር ነበር። በኪራይ ፋንታ ምክር እሰጣቸዋለሁ። ኦስዋልድ «ኪራዩ ይሻለን ነበር» ይል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1927፣ በመጋቢት ወር፣ ልጃቸው ገርዳ ተወለደች። ሌላው አባት ልጅ ሲወለድለት ወይ ያለቅሳል ወይ ይጠጣል። ኦስዋልድ ከኪሱ ሜትር አወጣ።

«ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ተኩል» አለ፤ አዲስ በገዛው ጥቁር ሽፋን ደብተር ላይም ጻፈ።

«ኦስዋልድ፣ ልጄን መልስልኝ፤ የመጋረጃ ጨርቅ አይደለችም» አለች ቴክላ ከአልጋዋ ላይ።

እሱ ግን አልጨረሰም። «ጆሮ፣ ሁለት» ብሎ ጻፈ።

«ሦስት ጠብቀህ ነበር እንዴ?» አልኩት።

«ሳይንስ ግምት አይወድም፣ ዜልማ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ የዱቄቱ ሚዛን ላይ የነበረው ሽንኩርት ይነሳና ገርዳ ትቀመጣለች። ክብደቷ በግራም ይጻፋል፤ ቁመቷ ይጻፋል፤ የጭንቅላቷ ዙሪያ ይጻፋል። ስንት ጊዜ እንዳስነጠሳት፣ በየትኛው እጇ ማንኪያ እንደያዘች፣ ሳታቋርጥ ስንት ደቂቃ እንደጮኸች፣ ሁሉም ይጻፋል። ጥንዚዛዎቹ ይህን ሁሉ ክብር አላገኙም፤ እነሱ ቢያንስ ሞተው ነበርና ዝም ብለው ይለካሉ።

ስለ መጀመሪያ ቃሏ ልንገራችሁ። ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ «በአሥራ አንደኛ ወሯ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ወደ እኔ እያየች ‹ፓፓ› አለች።» ውሸት ነው! እዚያው ነበርኩ። ስፒናች ሊያጎርሳት ማንኪያውን ሲያስጠጋ በእጇ መታችውና «እምቢ!» አለች።

«‹ፓፓ› ነው ያለችው» ብሎ ድርቅ አለ።

«‹እምቢ› ነው ያለችው። ስፒናቹ አሁንም ቅንድብህ ላይ አለ።»

«እሱ ድምፅ እንጂ ቃል አይደለም።»

«ከቃልም ቃል! ዕድሜ ልኳን የምትጠቀምበት ቃል ነው።»

ቴክላ ሳቀች፤ እሱ ግን «ፓፓ» የሚለውን በሁለት መስመር አሰመረበት። ሳይንስ ግምት አይወድም፤ ምኞት ግን ይወዳል መሰለኝ።

አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ክረምት ላይ ትክትክ ያዛት። ኦስዋልድ ከአልጋዋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳሏን ይቆጥር ጀመር። ሰኞ ስልሳ አንድ። ማክሰኞ ሰማንያ ስምንት። ረቡዕ መቶ አሥራ ሁለት። ከዚያ ሦስት ገጽ ቀኑ ብቻ ተጽፎበት ባዶ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት እርሳሱን እንደጨበጠ አየዋለሁ፤ አይጽፍም። ሐኪሙ ሲመጣ ይነሳል፣ ሲሄድ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔም በዚያን ሰሞን አልቀለድኩበትም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር እኔም አልፎ አልፎ ይደርስብኛል። በአራተኛው ቀን «ሾርባ ጠየቀች» ብሎ ጻፈ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ኦስዋልድ በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ ምርጡ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

በ1933 ሚያዝያ ላይ አገሩ ሁሉ በአንድ ሰውዬ አብዶ ሳለ፣ ርዕሰ መምህሩ ኦስዋልድን ቢሮው አስጠራው። ጨዋ ሰው ነበር፤ ሲያባርረው እንኳ ወንበር ስቦለታል። የአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎቱን አመስግኖ፣ አዲሱ ሕግ አይሁድ መምህራንን አይፈልግም፣ በግል እንዳይቀየምበት ብሎ ሸኘው። ኮሪደሩ ላይ ያገኛቸው የሥራ ባልደረቦቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣሪያው አስገርሟቸው ቀና ብለው ይመለከቱ ነበር። ኦስዋልድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የጥንዚዛ ሣጥኖቹን ታቅፎ ቤት ገባ።

እኔና ቴክላ ደንግጠን ቆመን ሳለ ገርዳ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። አፏ ደም በደም ሆኗል፤ ትስቃለች። የላይኛው ጥርሷ በእጇ ነበር። ኦስዋልድ ሣጥኖቹን አስቀምጦ ደብተሩን አወጣ። የዚያን ቀን ገጽ ይኸውና፦ «የላይኛው ግራ ጥርስ ወጣ። ደም፦ ጥቂት። ድፍረት፦ ከፍተኛ።»

ቴክላ ትከሻው ላይ ሆና አነበበችውና ጮኸችበት። «ከሥራ ተባረርኩ ብለህ አትጽፍም? አንድ ቀን ስታነብ የዚያን ዓመት ትልቁ ወሬ ጥርሷ ይመስላታል!»

«ይሄ የገርዳ ደብተር ነው» አለ። «የእነሱ አይደለም። እዚህ ውስጥ ማንን እንደማስገባ የምወስነው እኔ ነኝ።»

ከጠቅላላው ጀርመን ኦስዋልድ የሚያዝበት ግዛት ያ ደብተር ብቻ ቀርቶ ነበር። በጥሩ ሁኔታ ያስተዳድረው እንደነበር አልክድም። በአይሁድ ትምህርት ቤት ሥራ አገኘ፤ ገርዳም እዚያው ተማሪ ሆነች። ደብተሩም ከእንጀራ እናት በቀር ሁሉ ነገር የሞላላት ልዕልት ታሪክ መሰለ፤ በረዶ ላይ መንሸራተት ተማረች፣ ጎመን ጠላች፣ ስለ ጨረቃ ጥያቄ ጠየቀች። ጎዳናው ላይ በአይሁድ ላይ ስለሚዘመረው ዘፈን አንድ ቃል የለም።

ገርዳ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ጆሮ ደግፍ ይዟት ቤት ዋለች። እኔ ከባርኔጣዬ ጋር እታገላለሁ፤ ቴክላ ገበያ ሄዳለች። ልጅቷ ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብኝ። ኦስዋልድ ከሥራ ሲመጣ የመመገቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አራት ጥቁር ደብተሮች ተዘርግተዋል፤ ገርዳ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ የአባቷን የማረሚያ ቀይ እርሳስ ይዛ፣ አምስተኛውን እያረመች ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«እያረምኩ። ብዙ ስህተት አለው፣ አባዬ።»

እኔ ከበሩ ላይ አልነቃነቅም አልኩ። እንዲህ ዓይነት ትርኢት በቲያትር ቤትም አይገኝም፤ ደግሞም ቲያትር ቤቱ እኛን አይፈልገንም ነበር።

ኦስዋልድ ደብተሩን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። እሱ «ፒያኖ በደስታ ተለማመደች» ብሎ በጻፈበት ጎን፣ በቀይ፣ «ስህተት። እያለቀስኩ ነበር።» እሱ «ክብ ፊት ያላት፣ የምታምር ልጅ» ባለበት፣ «አስተያየት ነው። ማስረጃ የለውም።» አንድ ገጽ ላይ ረዘም ያለ ነገር ነበር። እሱ ከእኛ በታች ስለምትኖረው ጓደኛዋ «ሄልጋ ስለታመመች መምጣት ትታለች» ብሏል። ቀዩ ደግሞ፦ «አልታመመችም። እናቷ ከልክላታለች። ደረጃው ላይ አግኝቻት ነበር፤ ቸኮሌት እየበላች ነበር፤ አላናገረችኝም።»

በአራተኛው ደብተር መጨረሻ ላይ ውጤቱ ተሰጥቷል፦ «ማርክ፦ በቂ። ትጋት አለው። እውነት ግን ይጎድለዋል።»

ኦስዋልድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሕይወቱ ሙሉ ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» በታች ያገኘ አይመስለኝም።

«ስለ ሄልጋ ታውቂ ነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

«ሁሉም ያውቃል፤ ደብተሩ ብቻ ነው የማያውቀው።»

«እኔ እኮ... አንድ ቀን ስታነቢው ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

«እያነበብኩት ነው፤ ደስ አላለኝም። የሌላ ልጅ ይመስላል።»

እኔ እንኳ እንዲህ ጨክኜ ተናግሬው አላውቅም። ኦስዋልድ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። ከዚያ እንደ ሁለት መንግሥታት ተደራደሩ። ከእንግዲህ ግራው ገጽ የእሱ፣ ቀኙ የእሷ ይሆናል። አንዱ የሌላውን ገጽ አይነካም፤ ስህተት ያገኘ በራሱ ገጽ ላይ ይጽፋል። እኔን ምስክር አድርገው አስፈረሙኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ደብተሮች ናቸው ደብተር የሚባሉት። ግራው፦ «ዛሬ መናፈሻው ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳናርፍ ተጓዝን። ጥንካሬዋ ያስደንቃል።» ቀኙ፦ «ያላረፍነው ወንበሮቹ ላይ አይሁድ እንዳይቀመጥ ስለተጻፈ ነው። እግሬን አሞኛል።» ግራው፦ «ዘንድሮ ዋና አልመረጠችም።» ቀኙ፦ «ማን ምረጪ አለኝ? ገንዳው ለአይሁድ ተከልክሏል።» እሱ ያነባል፣ ይቀላል፣ ከዚያ በራሱ ገጽ ግርጌ «ታርሟል። ኦ.ግ.» ብሎ ይፈርማል። እየዋለ እያደር ግን ቀኙ የሚያርመው እያነሰ መጣ። ግራው እውነት መናገር ለምዶ ነበር፤ ወይም እውነቱ በሩን አልፎ ገብቶ የሚደበቅ አልሆነም።

በ1938 ኅዳር ላይ፣ ምኩራባችን በተቃጠለ ማግስት ጠዋት፣ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ከመግባቱ በፊት ጫማውን ምንጣፉ ላይ ጠረገ፤ የሠለጠነ አገር ነው። ኦስዋልድን ኮቱን እንዲለብስ አዘዙት። ቴክላ ዳቦ ልትጠቀልልለት ስትሯሯጥ እሱ ገርዳን ጠራት።

«እሑድ ካልተመለስኩ ሁለቱንም ገጽ አንቺ ያዢ።»

«ግራውንም?»

«ግራውንም። ቀን መጻፍ እንዳትረሺ።»

ይህ ነበር ስንብቱ። ሌላ አባት «እወድሻለሁ» ይል ነበር፤ የእኛው ቀን መጻፍ አትርሺ አለ። እሷ ግን የገባት መሰለኝ፤ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ቫይማር ከተማ አጠገብ ወዳለው ማጎሪያ ካምፕ እንደወሰዱት የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው። አራት ሳምንት ቆየ። ገርዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ በግራው ገጽ እንዲህ ብላለች፦ «እሑድ። አባዬ የለም። እማዬ ንጹሑን ሳህን ስታጥብ ዋለች።» በሚቀጥለው፦ «እሑድ። አባዬ የለም። አክስቴ ዜልማ ሦስት ቀን ሙሉ በማንም ላይ አላላገጠችም። ያሳስበኛል።»

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ደወሉ ጮኸ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጭንቅላቱ የተላጨ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ለማኝ መስሎኝ «ቆይ፣ ዳቦ ላምጣልህ» ልለው ስል «ደህና ዋልሽ፣ ዜልማ» አለኝ። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ቀልድ አላገኘሁለትም።

ቴክላ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ገርዳ ግን ወደ ውስጥ ሮጣ ሜትሩንና ደብተሩን ይዛ ተመለሰች፤ እሷ ካደገች ወዲህ የተገዛውን ትልቁን ሚዛንም በእግሯ እየገፋች።

«ተይው ልጄ፣ ይረፍ!» አለች እናቷ።

«ተያት» አለ ኦስዋልድ። «እሑድ ነው እንዴ?»

«ዓርብ ነው፣ አባዬ።»

«ይሁን።» ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

የጻፈችው ይኸውና፦ «ክብደት፦ ሃምሳ ሰባት ኪሎ፤ በጥቅምት ሰባ ነበር። ፀጉር፦ የለም። ግራ እጅ፦ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ምን ሆነህ ነው ስለው ወደቅኩ አለ። አልወደቀም።»

አንብቦ እርሳሱን ተቀበላት። ይሰርዘዋል ብዬ ነበር። «ልክ ነው። አልወደቅኩም። ኦ.ግ.» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም የመውጫ ወረቀት አሳዳጅ ሆንን። ዓለም ለጋስ ነው፤ ፎርም የከለከለን አገር የለም። ለኦስዋልድና ለቴክላ ከፎርም ሌላ አልተገኘም። ገርዳ ሕፃናትን ወደ እንግሊዝ በሚወስድ ባቡር ቦታ አገኘች። እኔ ደግሞ እዚያው እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ በአንድ ባለጸጋ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኜ እንድቀጠር ፈቃድ መጣልኝ። እኔ! ውሃ ሳፈላ የማሳርር ሰው።

ባቡሩ ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው አባትና ልጅ ስለ ደብተሮቹ ተጣሉ። ዘጠኝ ሆነው ነበር፤ ዘጠነኛው ግማሹ ባዶ ነው።

«ሁሉንም አንተ ያዝ» አለች ገርዳ። «እኔ ከሌለሁ ምን ታነባለህ?»

«የማስታወስ ችሎታዬ ደህና ነው።»

«አራት ደብተር ሙሉ አርሜዋለሁ፣ አባዬ። አስተማማኝ አይደለም።»

በመጨረሻ ስምንቱ ከእኔ ጋር እንዲሄዱ፣ ዘጠነኛው ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ተደብቆ ከእሱ ጋር እንዲቀር ተስማሙ። ግራውን ይሞላል፤ ቀኙን ሲገናኙ እሷ ትሞላዋለች። ወላጆች ወደ ባቡሩ እንዳይጠጉ ታዝዞ ስለነበር ጣቢያው ውስጥ አጥር ጥግ ቆመው ሸኟት። ኦስዋልድ ሰዓቱን አይቶ «አራት ደቂቃ ዘገየ» አለ። ባቡሩ ከወጣ በኋላ ቴክላን ደግፌ ወደ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ከአጥሩ አልላቀቅ ብሎ ቆይቶ መጣ።

እኔ በሐምሌ ወጣሁ። ደብተሮቹን በሁለት የባርኔጣ ካርቶን ውስጥ፣ ከላባና ከሪባን ሥር ከትቻቸው ነበር። ድንበሩ ላይ የጉምሩኩ ሰው ካርቶኑን ከፈተ፤ ላባውን አነሳ፤ አንዱን ደብተር ገለጠ። ቆሞ ማንበብ ጀመረ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። በልቤ ኦስዋልድን ከነጥንዚዛው ረገምኩት። ሰውየው ሦስቱን ባዶ ገጾች አገላበጠ።

«ትክትኩ ለቀቃት?» አለኝ።

«ለቀቃት» አልኩት።

ደብተሩን በቦታው መልሶ ማኅተሙን መታልኝ። ከእኔ ቀጥላ የቆመችውን አሮጊት ግን የብር ማንኪያ ደብቃለች ብሎ፣ እንዲፈትሻት ቆብ ደፍቶ ማዶ የቆመውን ባልደረባውን ጠራው። አመስግኜው ላልፍ ነበር፤ አላመሰገንኩም።

ሊድስ ስደርስ እመቤቴ በሁለተኛው ቀን ከምድጃው አንስተው ልብስ ስፌት ላይ አስቀመጡኝ፤ ብልህ ሴት ነበሩ። ገርዳ ሁለት ጎዳና አልፎ ከአንዲት መበለት ጋር ትኖር ነበር። ከአባቷ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይመጣል፦ «በዘጠነኛው ደብተር፣ ግራ ገጽ፦ እንደ ደብዳቤዋ ከሆነ የአጃ ገንፎ በላች። ለማመን ይቸግራል።» መስከረም ላይ ጦርነቱ ተጀመረና ደብዳቤው ቆመ። በቀይ መስቀል በኩል ሃያ አምስት ቃል ብቻ መላክ ይፈቀድ ነበር። በ1941 ጸደይ አንድ ደረሰን፦ «ደህና ነን። ቁመትሽን፣ ክብደትሽን፣ ስንተኛ እንደወጣሽ ላኪ። እማዬ ትስምሻለች። አባትሽ።» ገርዳ መለሰች፦ «መቶ ሃምሳ አምስት ሴንቲ ሜትር። አርባ ስድስት ኪሎ። ሁለተኛ። አንደኛዋ ታጭበረብራለች። የናንተንስ?» መድረሱን አናውቅም። በዚያው ዓመት በኅዳር ኦስዋልድንና ቴክላን ከብዙ ጎረቤቶቻችን ጋር በባቡር ወደ ሊቱዌኒያ ወሰዷቸው፤ ካውናስ በደረሱ በቀናት ውስጥ ገደሏቸው። ይህን ያወቅነው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት በመጣ የግማሽ ገጽ ወረቀት ነው።

ገርዳ አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በከተማው የትራም መሥሪያ ቤት ካርታ ትሥላለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ መጥቶ ደብተሮቹን ለማሳተም ጠየቀን። አንብቦ እንባው መጥቶ ነበር። ግራዎቹን ገጾች ብቻ ቢወስድ ይመርጣል፤ ቀኞቹ ትንሽ መራራ ናቸው፣ አንባቢ ያስቀይማሉ አለ። ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ገርዳ ኮቱን አቀበለችው።

ብሬስላውም ዛሬ የፖላንድ ከተማ ሆኗል፤ ስሙም ተለውጧል። ባለፈው ዓመት ገርዳ በድሮው አድራሻችን፣ ለማታውቀው ሰው፣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ጥቁር ደብተር ካገኛችሁ ብላ። እኔ «ቴምብር ማባከን ነው» ብያት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ በተሰባበረ ጀርመንኛ የተጻፈ። ሴትየዋ ያድቪጋ ትባላለች፤ እሷም ከሌላ ከተማ ተባርራ ነው እዚያ የገባችው። በመጀመሪያው ክረምት ከሰል ስላልነበረ መደርደሪያውን ከነወረቀቱ፣ የተጻፈውን ሳታይ፣ አንድዳዋለች። ይቅርታ ጠየቀች።

እኔ የምለውን አውቅ ነበር። ስድቡን እንኳ መርጬ ጨርሻለሁ። ገርዳ ግን ወረቀት አውጥታ መልስ ጻፈች፤ ትከሻዋ ላይ ሆኜ አነበብኩ። «ልጆችሽ ሞቃቸው?» ብላ ጠይቃታለች።

አሁን ይጻጻፋሉ። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ስለ ልጆቿ» ትለኛለች። ሦስት ናቸው አሉ፤ መካከለኛው አስቸጋሪ ነው፣ ጎመን አይበላም።